ለከርከሮ የሚሆን ሽጉጥ

በአገራችን «አላውቅም» የማይባልባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ መንገድና ጠመንጃ። መንገድ የጠየቃችሁት ሰው የምትሄዱበትን ሰፈር በሕልሙም አይቶት የማያውቅ ቢሆን እንኳ እጁን ዘርግቶ «ወደ ታች ውረዱና በቀኝ በኩል ታጠፉ» ሳይል አይለቃችሁም። እናንተም አመስግናችሁ ትወርዳላችሁ፣ በቀኝ ትታጠፋላችሁ፣ ገደል ታገኛላችሁ። ጠመንጃም እንዲሁ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ከአንድ ጠላ ቤት ጎራ ብላችሁ ስለ ዓለም ኢኮኖሚ ብትጠይቁ ሰው ሁሉ በትሕትና አንገቱን ይደፋል። ስለ ጥይት ከጠየቃችሁ ግን ቤቱ ሁሉ ሊቅ ነው። አንዱ ስለ አፈሙዝ፣ አንዱ ስለ ሰደፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ የአያቱ ወንድም ይዞት ስለነበረው አልቢን ጠመንጃ ሲተርክላችሁ መሽቶ ይነጋል። ተኩሶ የማያውቅ ሞልቷል፤ ስለ ተኩስ የማያውቅ ግን የለም።

እኔ ራሴ ተኩሰው ከማያውቁት ወገን ነኝ። እዚያው ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ በሥራዬ ላይ ደርሶብኝ የሚያውቀው ከባዱ አደጋ የጠመኔ ብናኝ ዓይኔ ውስጥ መግባቱ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው እንዴት ሆኖ ለአደን የሚሆን ሽጉጥ መራጭ ሆኖ ተሾመ ትሉኝ ይሆናል። ጥፋቱ የአንዲት የቤት ሥራ ነው። «ክብደቷ ይህን ያህል የሆነ ጥይት በዚህ ፍጥነት ሄዳ ግንድ ውስጥ ብትቀበር» ብላ የምትጀምር ጥያቄ አለች፤ ከእኔ በፊት የነበሩት መምህራን ሰጥተዋታል፣ ከእኔ በኋላ የሚመጡትም መስጠታቸው አይቀርም። ከጋፋት በኩል እየተመላለሰች የምትማር ተማሪዬ ይህችን ጥያቄ ቤቷ ወስዳ ጮክ ብላ ስታነብ አባቷ ሰሙ። አባቷ ለጎረቤት አወሩ። ወሬው ኮረብታውን ዞሮ ሲመለስ እኔ የፊዚክስ ሳይሆን የጥይት መምህር ሆኜ ነበር።

አሁን አጎቴን ላስተዋውቃችሁ። አያ አድማሱ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከጋፋት ማዶ ገብስና ድንች ያርሳሉ። ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት ቢቀራቸውም ወገባቸው አልጎበጠም፤ ድምፃቸው ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው ያለ ስልክ ይሻገራል። አንድ እንከን ብቻ አለባቸው፤ ቀኝ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። እንከናቸው ሁለት ነው ብል ይሻላል፤ ሁለተኛው፣ ዓይናቸው ሞራ መልበሱን አለማመናቸው ነው።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ከርከሮ ከገደሉ ሥር ካለው ጫካ እየወጣ የድንች ማሳቸውን ያርስላቸው ጀመር። ብቸኛ ወንድ ከርከሮ ነው፤ ጥርሱ ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ጀርባው ላይ ጭቃ የደረቀበት። እሱ ያለፈበት ማሳ ጠዋት ሲታይ ትራክተር የገለበጠው ይመስላል። ፈረንጅ የሚበላውን ያድናል አሉ፤ እኛ የምናድነው የሚበላብንን ነው። ከርከሮ ቢሞት እንኳ ሥጋው ለእኛ አይሆን፣ ቆዳው አይሸጥ፤ ከግዳዩ የሚተርፈው ስም ብቻ ነው። ስም ደግሞ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ በእኛ ዘንድ ከሥጋ ይልቅ ያጠግባል።

የመስከረም ሚካኤል ማኅበር አያ ሞላ ቤት ነበር። አያ ሞላ የአጎቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ጎረቤትና ተፎካካሪ ናቸው፤ ሁለቱ ሳይከራከሩበት የሚዘንብ ዝናብ የለም። የማኅበሩን ደንብ ለማያውቅ ልንገር፤ ተበልቶና ተጠጥቶ ሲያበቃ የቀጣዩ ወር ተረኛ ጽዋውን ከደጋሹ እጅ ተቀብሎ፣ በእልልታ ታጅቦ፣ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ በወሩ እሱ ይደግሳል። የጥቅምት ተራ የአጎቴ ነበር። ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ ያ ጽዋ ያን ቤት ዘሎ አያውቅም።

ነገሩ የተበላሸው ጽዋው ከመነሣቱ በፊት ነው። አያ ሞላ ከርከሮውን በረጅም ጠመንጃቸው ከሩቅ ተኩሰው እንዴት እንዳመለጣቸው ሲያወሩ፣ የሳተው ከርከሮው እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ አድርገው ነበር። አጎቴን ደግሞ ጠላው ሞቅ አድርጓቸዋል።

«ከሩቅ ተጋድሞ በረጅም ጠመንጃ ማንም ይተኩሳል» አሉ አጎቴ። «ወንድ ከሆነ በሽጉጥ ነው፤ ፊት ለፊት ቆሞ።»

«አንተ ትቆማለህ?» አሉ አያ ሞላ።

«እቆማለሁ። ሚካኤል ምስክሬ ነው፤ በሽጉጥ ሳልጥለው ይህን ጽዋ ከቤቴ አላስገባም።»

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ተው አድማሱ፣ በሚካኤል ጽዋ አትማል» ማለት ነበረበት። ይልቁንስ አያ ሞላ ተነሥተው «እኔም ባዶ እጄን ከጎንህ ባልቆም ይህ ጽዋ አይድረሰኝ» ብለው ደረቡበት። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ከርከሮ፣ ከእነሱ አንደኛው ባዶ እጁን፣ ሌላኛው በአንድ ዓይኑ።

የማኅበሩ ካህን መምሬ ካሳ ብልህ ሰው ናቸው። መሐላው አንዴ ከወጣ በኋላ ወደ አፍ እንደማይመለስ ስላወቁ ከዳር በኩል ያዙት። «እንኪያስ ሽጉጥ ሁሉ ሽጉጥ አይዶለም» አሉ። «ለከርከሮ የሚበቃ ሽጉጥና የሚበቃ ጥይት በሚያውቅ ሰው ተመርጦ ይቅረብ። ሰው በማይረባ መሣሪያ አይሙትብን።» ሰው ሁሉ ተስማማ። የሚያውቅ ሰው ማን ነው? የተማሪዬ አባት ማኅበርተኛ ነበሩና ባልነበርኩበት ስሜ ተጠርቶ፣ ባልነበርኩበት ተመረጥኩ። ጽዋው በአደራ መምሬ ካሳ ቤት ገባ።

በማግስቱ አጎቴ ኩታቸውን አጣፍተው ቤቴ መጡ። እንደ ወትሮው ከብቶቹ እንዴት እንደሆኑ፣ ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ ተጠያየቅን፤ ከዚያ ስልኬን በአገጫቸው እያመለከቱ «በል እስቲ ክፈተው» አሉኝ። እኔም ከፈትኩት። በሽጉጥ የሚያድኑ ፈረንጆች ለካ ሞልተዋል። ባርኔጣ የደፋ አንድ ወፍራም ሰውዬ ክንድ የሚያህል ሽጉጥ ይዞ፣ የትኛው ጥይት ለሚዳቋ፣ የትኛው ለዱር አሳማ እንደሚሆን ሲያብራራ ቆየ። እኔ እተረጉማለሁ፤ አጎቴ ጤነኛ ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ አስጠግተው እንደ ስብከት ያዳምጣሉ። ትንሽ ጥይት ከርከሮን የሚያስቆጣ እንጂ የሚጥል አይደለም ይላል ሰውዬው፤ ትከሻው ላይ ያለው ቆዳ ወፍራም ነው፤ ከባድ ጥይት ያስፈልጋል፤ መጠጋት ያስፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ ጥሩ ዓይን ያስፈልጋል። የመጨረሻውን ስተረጉም ሳል ያዘኝ።

«ይኸ ሰውዬ ስቶት እንስሳው ቢመጣበትሳ?» አሉ አጎቴ።

«ጓደኛው ከኋላው ረጅም ጠመንጃ ደግኖ ቆሟል።»

አጎቴ ከስክሪኑ ቀና አሉ። «የእኔ ጓደኛ ሞላ ነው» አሉ። «ባዶ እጁን።»

ያን ጊዜ ፊታቸውን አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ምንም ሲፈሩ አይቻቸው የማላውቃቸው ሰው ፈርተዋል። እኔም ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ? ልጅ ሆኜ ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ወንዝ ያሻገሩኝ ሰው ናቸው። ግን «እባክዎ ይተዉት» ብላቸው ለከርከሮው ያዘጋጁትን ድፍረት ወደ እኔ ያዞሩታል። ስለዚህ ሁለታችንም እንዳልፈራን ሆነን ስለ ጥይት ማውራታችንን ቀጠልን።

ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ሲወጡ ሚስታቸው እትዬ የሻረግ መጡ። እትዬ የሻረግ ብዙ የማይናገሩ፣ የተናገሩትን ግን የማይደግሙ ሴት ናቸው። አንድ ቁና ድንች ይዘውልኝ መጥተዋል፤ ግማሹ ላይ የከርከሮው ጥርስ ይታያል። አልተቀመጡም።

«ልጄ» አሉኝ። «አጎትህ ዓይኑ አያይም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ለጉቶ እንደምን አደርክ ብሎ ሰላምታ ሰጠው። አልመለሰልኝም ብሎ እስከ ቤት ተቀይሞ ነው የገባው።»

መሣቅ አማረኝ፤ እሳቸው ግን አልሣቁም።

«እኔ ለሚካኤል ጠላ ጠንስሻለሁ። ጽዋው ቤቴ ይግባ አይግባ አላውቅም፤ ባሌ ከማሳው በእግሩ ይመለስ አይመለስ አላውቅም። አንተ መራጭ ነህ አሉ። ጥሩውን ምረጥለት።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ጥሩ ማለቴ የማይገኘውን። መምጣቴን ደግሞ እንዳትነግረው።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ፤ ቀስ በቀስም ልቤ ቀለል አለኝ። ምክንያቱም የእትዬ የሻረግ ልመናና የፊዚክስ ሐቅ አንድ ላይ ገጥመውልኛል። በእኛ አገር በየሰዉ ወገብ ላይ የሚታየው ሽጉጥ ባለ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ነው፤ ለከርከሮ ቀላል ነው፤ ባርኔጣ የደፋው ሰውዬም የተናገረው ይህንኑ ነው። እሱ የሚያደንበት «አርባ አራት» የሚባለው ነው፤ ስሙ በፈረንጅ ኢንች የወጣ ነው እንጂ የጥይቱ ውፍረት በእኛ መለኪያ አሥር ነጥብ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ነው፤ አሥራ አንድ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። እንኳን በጋፋት፣ ከጣና ወዲህ በሞላ እንዲህ ያለ ሽጉጥ የለም። ሳልዋሽ፣ አጎቴን ሳላዋርድ፣ እትዬ የሻረግን ሳላሳዝን፣ የተፈጥሮ ሕግንም ሳልጥስ መገላገሌ ነው። በመምህርነት ዘመኔ መልሱ እንዲህ ያማረልኝ ጥያቄ አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ መምሬ ካሳና ሌሎችም ማኅበርተኞች ተሰብስበው ጠበቁኝ። እኔም ድምፄን እንደ ዳኛ አወፍሬ «ከአርባ አራት በታች እንዳይሞከር» አልኩ።

«አርባ አራት» አሉ አያ ሞላ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «አውቀዋለሁ።»

«እኔስ ብትሆን» አሉ አጎቴ።

የአጥሩ ሥር ሰው ሁሉ አወቀው። አንዱ እንዲያውም የክርስትና አባቱ ይታጠቁት እንደነበር አስታወሰ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን ደስታዬ አሳወረኝ። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ እንቅልፌን ለጠጥኩት።

ፍለጋው ሰኞ ተጀመረ። በዚህ ዘመን ስለ መሣሪያ መጠየቅ ከመታጠቁም የሚከብድ ነገር ነው፤ የጠየቃችሁት ሰው መጀመሪያ እናንተን፣ ቀጥሎ ከኋላችሁ ያለውን መንገድ፣ ቀጥሎ እንደገና እናንተን ያያል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን መሐላ አለባቸው። ሐሙሲት ገበያ ድረስ ሄደው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አርባ አራት ይኖርሃል?» ብለው ሲጠይቁ፣ አንዱ ነጋዴ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቆዳ ነው የፕላስቲክ?» አላቸው አሉ፤ ጫማ ሻጭ ኖሯል። ሌላው በሩቅ ዘመዱ ቤት አይቻለሁ አለ፤ ዘመዱ ዘንድ ሲኬድ ሸጬዋለሁ አለ፤ የገዛው ሰው ቤት ሲኬድ ሰውዬው ሞተዋል፤ ልጃቸው ግን ባያየውም ያውቀዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ በአገሩ ውስጥ የሌለው ሽጉጥ በየሰዉ አፍ እየተወለወለ፣ እየተቀባባ፣ መልክና ቀለም እያወጣ ሄደ።

እናንተ ይህን ስትሰሙ ሞኝነት ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ ግን ሳስበው የገረመኝ ሌላ ነው። አጎቴ ሽጉጡ እንዲገኝ አይፈልጉም። አያ ሞላም አይፈልጉም፤ ባዶ እጃቸውን የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ሆኖም ከሁለቱ አንዱ አንድ ገበያ ቢቀር ሌላው «ፈራህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም እንዳይገኝ እየጸለዩ ከማንም በላይ ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለ ፍለጋ የገጠማችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ማንም የማይፈልገው ሠርግ፣ ማንም የማያምንበት ስብሰባ፣ ሁሉም ቢቀር ደስ የሚለው የክስ ቀጠሮ እንዲህ ነው የሚሰምረው። አንድ ሰው «ይቅር» ቢል ሁሉም ይገላገላል፤ ያ አንድ ሰው ለመሆን ግን ከርከሮ ፊት ከመቆም የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል።

ጥቅምት ሚካኤል ሲቃረብ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። አያ ሞላ ናቸው። «ተገኘ» አሉኝ፤ ድምፃቸው የሐዘን ቤት ድምፅ ነበር። «ይፋግ። አንዲት እመቤት ዘንድ። አርባ አራት ነው ብለዋል።»

ተማሪዎቹን ያሉበትን ገጽ እንዲያነቡ ነግሬ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እንዳይገኝ ብዬ የመረጥኩትን መሣሪያ የእኔ ምርጫ ራሱ ፈልፍሎ አወጣው ማለት ነው። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ብዬ ቢሆን «ይህማ አይበቃም» እያልን ስንከራከር እስከ ፋሲካ በቆየን ነበር።

በማግስቱ ሦስታችን በወረታ በኩል አድርገን በሚኒባስ ይፋግ ሄድን። የትምህርት ቤቱን ቤተ ሙከራ ውፍረት መለኪያ ካሊፐር በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ይዣለሁ፤ መራጩ እኔ ነኝና ማረጋገጥ ያለብኝም እኔ ነኝ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ያልተከራከሩበት ይህን ያህል ረጅም ጉዞ ሄጄ አላውቅም።

ባለቤቲቱ እመት አልጋነሽ የሚባሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ባላቸውን ከቀበሩ ብዙ ዘመን የሆናቸው አሮጊት ናቸው። «ተመዝግቦ የተቀመጠ ነው፤ ምንም አትፍሩ» አሉን ሳንጠይቃቸው። ከሳጥናቸው ሥር አንድ ጥቅል አወጡ፤ ነጠላውን ሲፈቱት ውስጡ ሌላ ነጠላ፣ ያ ሲፈታ ደግሞ አሮጌ ጥቁር ባለ ሽክርክሪት ሽጉጥ። የጣሊያን ጊዜ ዕቃ ነው። ከጎኑ ሦስት ጥይቶች በጥጥ ተጠቅልለው አሉ፤ ናሱ አረንጓዴ አውጥቷል። «ባሌ ዕድሜ ልኩን ታጥቆታል» አሉ እመት አልጋነሽ። «አንድ ቀን ተኩሶ አላሰማኝም፤ ግን የማያከብረው አልነበረም። ያንን አውሬ ከጣላችሁበት ደስ ይለኛል፤ ውሰዱት።»

እኔ ጥይቶቹን አገላብጬ አየሁ። ከርከሮውን ተዉት፤ ያ ነገር ቢተኮስ እንኳን ወደ ፊት ወደ ኋላም የሚሄድ መሰለኝ። ግን እዚያ ቤት ውስጥ «ይህ አርጅቷል» ማለት የእመት አልጋነሽን ባል መሳደብ ነው፤ «አደገኛ ነው» ማለት ደግሞ አጎቴን ፈሪ ማድረግ ነው። የቀረኝ ካሊፐሩ ብቻ ነበር።

ወረቀቱን ስፈታ አጎቴ ጎተት አድርገው ወደ በሩ ወሰዱኝ።

«ይህ ዕቃህ አይሳሳትም አይዶል?»

«እምብዛም አይሳሳትም፣ አጎቴ።»

«ቢሳሳትስ» አሉ፣ ጎሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ወደ ማብዛት ነው ወደ ማሳነስ የሚሳሳተው?»

ጤነኛዋ ዓይናቸው እርጥብ ነበረች። «እግዜር ያውቃል» ብያቸው ተመለስኩ፤ ምክንያቱም ሌላ ካልኩ እኔም ማልቀሴ ነው።

የካሊፐሩን መንጋጋ ወደ አፈሙዙ ውስጥ አስገባሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለካ ኖሬያለሁ፤ ልኬት እንዲህ ሆኖ ይውጣልኝ ብዬ ስጸልይ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አሥራ አንድ ሊሞላ ትንሽ ከቀረው አጎቴ በሁለት ቀን ውስጥ ከከርከሮ ፊት ቆመው ማየቴ ነው። ደግሜ ለካሁ። ብርሃን ወዳለበት ወስጄ አንዴ በመነጽር፣ አንዴ ያለ መነጽር አነበብኩት።

«አሥር ነጥብ አራት ሚሊ ሜትር» አልኩ። «ግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሳል። አርባ አራት አይደለም።»

«ያንሳል?» አሉ አያ ሞላ።

«ያንሳል።»

«በእውነት ያንሳል?» አሉ አጎቴ።

«በእውነት። ዋሽቼ አይደለም።»

ማን ቀድሞ እንደተነፈሰ አላውቅም። አጎቴ ኩታቸውን ከትከሻቸው አውርደው እንደገና ለበሱት። «እንግዲህ ምን ይደረግ» አሉ፣ ፊታቸውን ለማኮሳተር እየታገሉ። «ባይሆንልን ነው እንጂ ሳንፈልግ ቀርተን አይዶለም።» አያ ሞላ መሬት መሬቱን እያዩ «ግማሽ ሚሊ ሜትር» እያሉ ደጋገሙ፤ ሲደጋግሙት ግን ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሣቁ አፋቸው ላይ ሲደርስ አጎቴን ይዟቸው ሄደ። እመት አልጋነሽ ምን እንደሚያስቃቸው ባይገባቸውም እሳቸውም ሣቁ፤ ሽጉጡን በሁለቱ ነጠላ መልሰው ሲጠቀልሉት እሳቸውም ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። እኔ ደጅ ወጥቼ ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩ። እፎይ የሚባለውን ቃል ሰው በየቀኑ ይለዋል፤ እኔ ግን ትርጉሙን ያወቅሁት ይፋግ ላይ ነው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁለቱ ስለ መንገዱ ጥራት፣ ስለ ሾፌሩ፣ ስለ ደመናው ተከራከሩ። ከወረታ በኋላ አጎቴ ትከሻዬ ላይ ተኝተው ማንኮራፋት ጀመሩ። አያ ሞላ ቀስ ብለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ባዶ እጄን እኮ ነበር» አሉኝ።

መምሬ ካሳ ጉዳዩን በሰሙ ጊዜ ቶሎ አልፈረዱም፤ ነገሩ ክብደት እንዲኖረው ጢማቸውን አሻሹ፤ ካሊፐሩን ሳይቀር አገላብጠው አዩት። ከዚያ «መሐላው በሚበቃ ሽጉጥ ነበር፤ የሚበቃው ታጣ፤ አገር ምስክር ነው። ጽዋው ወደ ቤቱ ይግባ» አሉ። «በሚካኤል ጽዋ ለመማላችሁ ግን ሁለታችሁም ትሰግዳላችሁ።» ሁለቱ ሽማግሌዎች በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ሲሰግዱ ማየት ያስቃል፤ እነሱ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው ሰግደው አያውቁም። ጽዋው በእልልታ ገባ። እትዬ የሻረግ ደጃፉ ላይ ተቀበሉት፤ እኔን ባዩኝ ጊዜ እጄን ይዘው ቆዩ።

ከርከሮውማ አለ። ማኅበርተኛው ተባብሮ በማሳው ዙሪያ ቦይ ቆፈረና እሾህ አጠረ፤ እሱም ቅር ሳይለው ወደ አያ ሞላ ገብስ ተዛወረ። ይህን አያ ሞላ የነገሩን እዚያው የጥቅምት ሚካኤል ዕለት፣ አጎቴ ቤት ተሰብስበን፣ የእትዬ የሻረግ ጠላ ሁለተኛ ዙር ሲቀዳ ነው። ከማኅበርተኞቹ አንዱ ቀበል አድርጎ፣ ከርከሮስ ከርከሮ ነው፣ ሰሞኑን ከገደሉ ነብር ሲያገሣ ተሰምቷል አለ።

አጎቴ ብርሌያቸውን አስቀመጡ። ቀስ ብለው ተነሡ። ኩታቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። አያ ሞላ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እኔ ካሊፐሩን ፍለጋ ኪሴን ዳበስኩ።

«እኔ አድማሱ» አሉ አጎቴ፣ እጃቸውን ወደ ጽዋው ዘርግተው። «እኔ አድማሱ ያንን ነብር በ...»

እትዬ የሻረግ ከየት እንደመጡ አላየሁም። ጡጫ የምታክል ጉርሻ በአጎቴ አፍ ውስጥ ገባች፤ ያቺ ሳትዋጥ ሁለተኛዋ ተከተለች፤ አጎቴ ጉንጫቸው ተወጥሮ፣ እጃቸው እንደተዘረጋ፣ ሚስታቸውን እያዩ ቆሙ። መምሬ ካሳ ሦስተኛዋ እስክትጠቀለል አልጠበቁም።

«አሜን» አሉ ፈጠን ብለው።

«አሜን» አልን ሁላችንም፤ ከሁላችንም በላይ ጮክ ብለው ያሉት አያ ሞላ ናቸው።